ኦቶሞቢል ከሌላ ግዛት ገዝቶ በሚኖሩበት ግዛት ስለ ማስመዝገብ

(በራዲዮ ከተላለፉት ሳምንታዊ ንግግሮች)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ የመዝገብ ቤት ጉዳይ ነው። ይኸውም በአሜሪካ ዩናይትድ ስቴትስ የሚኖር ሰው ከሚኖርበት ግዛት ውጭ በሌላ ግዛት ኦቶሞቢል ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ያን ንብረት በሚኖርበት ግዛት መዝገብ ላይ በስሙ ለማስገባት ምን ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ስለሆነ «ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ ከመካከላችን ወንድሙ ወይም እኅቱ፣ ልጁ ወይም የቀድሞ የሥራ ባልደረባው በዚያ አገር የሚኖርለት ሰው ጥቂት አይደለም። በዋሽንግተን ከተማ፣ በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቨርጂኒያም በአሌክሳንድሪያ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ከእነርሱም መካከል መኪና እየነዳ እንጀራውን የሚያገኝ ብዙ ነው። እነዚህ ሦስት ቦታዎች እርስ በርሳቸው የተጎራበቱ ሲሆኑ ሕጋቸውና መዝገባቸው ግን ሦስት ነው። ጧት ከአንዱ ተነሥቶ በሁለተኛው በኩል አልፎ በሦስተኛው የሚሠራ ሰው፣ መኪና ሲገዛ ከሦስቱ መዝገቦች በየትኛው እንደሚገባ ማወቅ ግዴታው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን የሚመለከት ነው። መዝገብ የሚጠብቅ ሰው ሌሎች መዝገባቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ቢሰማ ከሥራው ጋር የሚያነጻጽረው ነገር ያገኛል።

አስቀድሜ የንግግሬን ፍሬ ነገር ልናገር። መኪናው ድንበር ስለ ተሻገረ ባለቤትነቱም አብሮት ተሻግሯል ማለት አይደለም። መኪና በጎማ ይሄዳል፤ ባለቤትነት ግን የሚሄደው በወረቀት ነው። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቁልፉን ተቀብሎ፣ መኪናውን በደጁ ያቆመ ሰው ወረቀቱ ካልተከተለው በሕግ ፊት የያዘው ነገር ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። በእኛ አገር ሊብሬ የምንለው ደብተር የመኪናውን ልክና ዓይነት፣ የባለቤቱንም ስም በአንድነት ይይዛል። በአሜሪካ ግን ወረቀቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የባለቤትነት ማስረጃ ሲሆን በዚያ ያሉት ወገኖቻችን «ታይትል» ይሉታል፤ ይህ ንብረቱ የማን እንደሆነ የሚመሰክር ወረቀት ስለሆነ በቤት ተቆልፎ ይቀመጣል እንጂ በመኪና ውስጥ አይያዝም። ሁለተኛው የምዝገባ ካርድ ነው፤ ይህ መኪናው በመንገድ ላይ እንዲሄድ የተፈቀደለት ለመሆኑ ማስረጃ ሲሆን፣ ከታርጋው ጋር አብሮ ይሰጣል፣ በየጊዜውም ይታደሳል፤ ከእኛ ቦሎ ጋር የሚመሳሰለው ይኸኛው ነው። የሁለቱ ልዩነት ሲዘነጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የምዝገባ ካርድ የያዘ ሻጭ ሁሉ ባለቤት አይደለም፤ ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው የባለቤትነቱን ማስረጃ ነው።

መዝገቡ በየግዛቱ የተለያየበት ምክንያት ከታሪክ የመጣ ነው። (በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮች ልብ ይበሉ።) በ1901 የኒው ዮርክ ግዛት ባለ መኪናዎች እንዲመዘገቡና የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደላት በመኪናቸው ላይ እንዲያደርጉ በሕግ አዘዘ። በ1903 ደግሞ የማሳቹሴትስ ግዛት ራሱ ያሠራውን ታርጋ ለባለ መኪናዎች ማደል ጀመረ። ሌሎቹም ግዛቶች እየተከታተሉ እንዲሁ አደረጉ። ማዕከላዊው መንግሥት መኪና መዝግቦ ታርጋ የመስጠቱን ሥራ ለግዛቶቹ ተወላቸው፤ ዛሬም 50ዎቹ ግዛቶችና ዋና ከተማይቱ ዋሽንግተን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መዝገብ ይይዛሉ።

በዚህ ነገር የተነሣ አንድ ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ሄንድሪክ የሚባል የዋሽንግተን ነዋሪ በ1910 ከዋሽንግተን ተነሥቶ መኪናውን እየነዳ ወደ ሜሪላንድ ሲገባ፣ በሜሪላንድ ሕግ የሚፈለገው የምዝገባ ማስረጃ ስላልነበረው ተከሶ ተፈረደበት። ሰውዬው «ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የመሄድ መብቴ ተነካ» ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1915 በሰጠው ፍርድ፣ መንገዱን የሠራና የሚጠብቅ ግዛት መኪናዎች እንዲመዘገቡና ተገቢ የሆነ ክፍያ እንዲከፈልባቸው ለማዘዝ ሥልጣን እንዳለው አጸና። ዛሬ ጎብኚ ወይም መንገደኛ በግዛቱ ታርጋ ከዳር እስከ ዳር ያለ ከልካይ ይጓዛል፤ ምክንያቱም ግዛቶቹ አንዱ የሌላውን ታርጋ ያከብራሉ። የሚኖር ሰው ግን እንደ ጎብኚ አይቆጠርም። መኪናው የሚመዘገበው በተገዛበት ቦታ ሳይሆን ባለቤቱ በሚኖርበት ቦታ ነው፤ ግብሩም እንደዚሁ።

እንግዲህ አንድ ሰው በምሳሌ እንውሰድ። ይህ ሰው በሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል እንበል፤ የሚወደውን መኪና በአጎራባቹ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ከአንድ ግለሰብ እጅ በ20,000 ዶላር አገኘ። ገንዘቡ ለብዙ ጊዜ ያጠራቀመው ነው፤ መኪናውም የሚሠራበት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት ነው። ይህ ሰው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት አምስት ነገሮችን መመርመር ይገባዋል።

አንደኛው የመኪናው ቁጥር ነው። እኛ የሻንሲ ቁጥር የምንለው በአሜሪካ ከ1981 ሞዴል ጀምሮ 17 ምልክት ያለው ሆኖ ተወስኗል። ሥራውን ያወጡት ሰዎች አስተዋዮች ነበሩ፤ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ከአንድና ከዜሮ አኃዝ ጋር እንዳይምታቱ ጨርሶ በቁጥሩ ውስጥ አያስገቧቸውም። ስለዚህ ከነዚህ ፊደላት አንዱ ያለበት ቁጥር ካያችሁ የተሳሳተ ወይም የተጭበረበረ መሆኑን ወዲያው ታውቃላችሁ። ቁጥሩ በነጂው ወገን ከፊተኛው መስተዋት ሥር፣ እንዲሁም በነጂው በር ክፈፍ ላይ ይገኛል። እነዚህ ሁለቱና በባለቤትነቱ ማስረጃ ላይ የተጻፈው በአንድ ፊደል እንኳ መለያየት የለባቸውም።

ሁለተኛው የሻጩ ስም ነው። በማስረጃው ላይ ያለው ስም በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። አንዳንድ አትራፊ መኪናውን ከፊተኛው ባለቤት ገዝቶ በራሱ ስም ሳያዛውር፣ ግብሩንም ሳይከፍል፣ የፊተኛው ሰው የፈረመበትን ወረቀት ይዞ ለሦስተኛ ሰው ይሸጣል። በእኛም አገር በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የከረመ መኪና ምን ያህል ሙግት እንደሚያመጣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በዚያ አገር እንዲህ ያለው ሽያጭ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ገዢውም በመዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት ሲቀርብ በወረቀቱ ላይ በሰፈረው ባለቤትና በእርሱ መካከል ያለውን ክፍተት ማስረዳት ያቅተዋል።

ሦስተኛው ዕዳና እገዳ ነው። በአሜሪካ መኪና በብዛት የሚገዛው በባንክ ብድር ነው። ብድሩ እስኪያልቅ ድረስ የአበዳሪው መብት በማስረጃው ላይ ይሰፍራል፤ በብዙ ግዛቶችም ማስረጃውን የሚይዘው አበዳሪው ራሱ ነው። ሻጩ «ዕዳው አልቋል» ቢል ቃሉ አይበቃም፤ አበዳሪው መብቱን መልቀቁን የሚገልጽ ወረቀት መታየት አለበት። ዕዳው ገና ካለ ደግሞ ገንዘቡን ለሻጩ ሰጥቶ እርሱ እንዲከፍል ከመተማመን ይልቅ፣ ከሻጩ ጋር ወደ አበዳሪው ሄዶ ዕዳውን በቀጥታ መዝጋት ይሻላል። አለዚያ መኪናው በሲልቨር ስፕሪንግ ቆሞ ሳለ በሌላ ሰው ዕዳ ሊወሰድ ይችላል።

አራተኛው በማስረጃው ላይ የሰፈረው የጉዳት ምልክት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ ነውና። መኪና በግጭት ወይም በጎርፍ ክፉኛ ተጎድቶ ኢንሹራንሱ «አይጠገንም» ብሎ ዋጋውን ለባለቤቱ ሲከፍል፣ ግዛቱ በማስረጃው ላይ ይህን የሚያስታውስ ምልክት ይጽፍበታል። ሆኖም ምልክቱ የሚጻፍበት መለኪያ በየግዛቱ ይለያያል፤ በአንዱ ግዛት የጥገናው ወጪ ከዋጋው ሦስት አራተኛ ሲደርስ የሚጻፈው፣ በሌላው ሙሉ ዋጋውን ካልደረሰ አይጻፍም። ይህን የተረዱ አጭበርባሪዎች ምልክት ያለበትን መኪና ሕጉ ወደ ላላበት ግዛት ወስደው እንደገና ያስመዘግቡታል፤ ከዚያም ምልክት የሌለበት አዲስ ወረቀት ይዘው ወደ ሦስተኛ ግዛት ያመጡታል። ልብስ ታጥቦ እድፉ እንደሚለቅ ወረቀቱም «ታጠበ» ይሉታል። በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ሉዊዚያናንና ሚሲሲፒን ከመታ በኋላ፣ በ2017ም በሂዩስተን፣ በ2022ም በፍሎሪዳ ጎርፍ ከደረሰ በኋላ፣ ውሃ የገባባቸው መኪናዎች ወደ ሌሎች ግዛቶች እየተወሰዱ እንዳይሸጡ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል። ውሃ የገባበት መኪና በገበያ ቀን ያምራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የኤሌክትሪክ ሽቦው እየዛገ፣ መብራቱ እየጠፋ፣ ሞተሩ እየቆመ ባለቤቱን ያከስረዋል።

ለዚህ መድኃኒት እንዲሆን የአሜሪካ ምክር ቤት በ1992 በወጣው የመኪና ስርቆት መከላከያ ሕግ የየግዛቱን መዝገቦች የሚያገናኝ ብሔራዊ መዝገብ እንዲቋቋም አዘዘ። መዝገቡ በፍትሕ ሚኒስቴር ተቆጣጣሪነት የሚሠራ ሲሆን፣ ከ2009 ጀምሮ ማንኛውም ገዢ በአነስተኛ ክፍያ የመኪናውን ቁጥር አስገብቶ፣ መኪናው ከዚህ በፊት በየትኛው ግዛት እንደተመዘገበና የጉዳት ምልክት ተጽፎበት እንደሆነ ለማወቅ ይችላል። ሆኖም መዝገብ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ኢንሹራንስ ያልነበረው መኪና በጎርፍ ቢጎዳ መዝገቡ ላይ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ መዝገቡን ከማየት ጋር ራሱን መኪናውን ሻጩ በማያውቀው መካኒክ ማስመርመር ተገቢ ነው። ምንጣፉን ገለጥ አድርጎ ጭቃ መኖሩን፣ የወንበሩን ብሎን ጎንበስ ብሎ ዝገት መያዙን፣ የፊት መብራቱን ተመልክቶ ጤዛ ማቆሩን ማየት፣ የሻገተ ጠረንም መኖሩን ማሽተት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንዲህ ነው።

አምስተኛው የተጓዘበት ርቀት ነው። የርቀት ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ ከ1972 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በማዕከላዊ ሕግ የተከለከለ ወንጀል ነው፤ ሻጩም ቆጣሪው የሚያሳየውን ቁጥር ጽፎ በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። ሞዴላቸው 2011ና ከዚያ ወዲህ የሆኑ መኪናዎች እስከ 20 ዓመት ድረስ ይህ ግዴታ አለባቸው። ገዢው ይህ ቁጥር ከቀደሙት የምርመራና የጥገና ወረቀቶች ጋር ይስማማ እንደሆነ ማስተያየት ይገባዋል። ባለፈው ዓመት ከተጻፈው ያነሰ ቁጥር ካገኘ ሌላ ምስክር አያሻውም።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ንጹሕ ከሆነ ፊርማው ይከተላል። ፊርማውም በየግዛቱ የየራሱ ሥርዓት አለው። በምሳሌያችን መኪናው ያለበት ፔንሲልቫኒያ፣ እንደዚሁም ኦሃዮና ሰሜን ካሮላይና፣ የሻጩ ፊርማ በውል አዋዋይ ፊት እንዲረጋገጥ ይፈልጋሉ፤ ሌሎች ብዙ ግዛቶች ግን ይህን አይጠይቁም። ይህን ሳያውቅ በመንገድ ዳር አስፈርሞ የተመለሰ ገዢ፣ ሻጩን ለመፈለግ እንደገና ያን ሁሉ መንገድ ሊሄድ ነው፤ ሻጩም ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ እንደ ቀድሞው በቀላሉ ላይገኝ ይችላል። ከዚህም ሌላ የባለቤትነት ማስረጃ ስርዝ ድልዝ አይወድም። ስም ወይም ቁጥር ተሳስቶ የተሰረዘበትን ወይም በነጭ ቀለም የተሸፈነበትን ወረቀት መዝገብ ቤቱ ለመቀበል እምቢ ሊል ይችላል፤ ከፊርማው በፊት ቀስ ብሎ ማንበብ ከዚህ ያድናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለም? ከማስረጃው ጋር ዋጋው፣ ቀኑና የሁለቱ ወገኖች ስምና አድራሻ የተጻፈበት የሽያጭ ውል መያዝም ያስፈልጋል። ሜሪላንድ በተለይ መኪናው ገና አሮጌ ሳይሆን ዋጋው ከገበያው ዋጋ በብዙ ያነሰ እንደሆነ፣ ይህ ውል በአዋዋይ ፊት የተረጋገጠ እንዲሆን ትጠይቃለች፤ ዋጋ ዝቅ አድርገው ጽፈው ግብር የሚያሳንሱ ስላሉ ነው።

ከግለሰብ ሳይሆን ከነጋዴ ለሚገዛ ሰው ሥራው ይቀላል፤ ነጋዴው ብዙ ጊዜ ግብሩን ተቀብሎ ወረቀቱን ወደ ገዢው ግዛት ራሱ ይልካል፣ ጊዜያዊ ታርጋም ይሰጣል። ቢሆንም «እኛ እንልከዋለን» በሚል ተስፋ ብቻ መቀመጥ አይገባም። ጊዜያዊው ታርጋ ቀኑ የተቈረጠ ነው፤ ወረቀቱ ሳይደርስ ቀኑ ካለፈ መኪናው በደጅ ይቆማል፣ የባንኩ ክፍያ ግን አይቆምም። ስለዚህ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚልክ በጽሑፍ ተቀብሎ፣ የተከፈለውንም ግብር ደረሰኝ ይዞ መውጣት ይገባል።

መኪናውን ወደ ቤት ማምጣትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በፔንሲልቫኒያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታርጋው የሻጩ ስለሆነ ከመኪናው ላይ ተነቅሎ ከእርሱ ጋር ይቀራል፤ በካሊፎርንያ ግን ተራው ታርጋ መኪናውን ተከትሎ ይሄዳል። የምሳሌያችን ገዢ እንግዲህ ያለ ታርጋ እንዳይነዳ በፔንሲልቫኒያ ለመንገድ የሚሰጠውን ጊዜያዊ ታርጋ ከተፈቀደለት ወኪል ማውጣት አለበት። ከሁሉም አስቀድሞ ኢንሹራንሱ ጋር ደውሎ መኪናው በስሙ መያዙን ያረጋግጥ። በመንገድ ላይ አደጋ ቢደርስ የሌላ ሰው ሕይወትና የእርሱ ሀብት የሚጠየቁት በዚያች ሰዓት ነው።

በሰላም ቤቱ ከደረሰ በኋላ ወደ ግዛቱ መዝገብ ቤት ይሄዳል። ስሙ በየቦታው ይለያያል፤ በሜሪላንድ የሞተር ተሽከርካሪዎች አስተዳደር፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን የሞተር ተሽከርካሪዎች መምሪያ ነው፤ በቴክሳስ ሥራውን የሚያካሂደው የየአውራጃው ግብር ሰብሳቢ ሲሆን፣ በኢሊኖይ ደግሞ የግዛቱ ዋና ጸሐፊ ነው። ሜሪላንድ አገልግሎት ላይ የነበረን መኪና ባለቤት ሲለውጥ፣ ፈቃድ ባለው ጋራዥ ተመርምሮ ደኅንነቱን የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀት እንዲያቀርብ ታዛለች፤ ይህ ከእኛ ክላውዶ ጋር ይመሳሰላል። ቨርጂኒያ የደኅንነት ምርመራውን በየዓመቱ ታስደርጋለች፤ በሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ የጭስ ምርመራ ይጨመራል። ቴክሳስ በበኩሏ ለንግድ የማይሠሩትን መኪናዎች የደኅንነት ምርመራ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ አስቀርታለች፤ በትልልቅ ከተሞቿ አካባቢ የጭስ ምርመራው ግን አልቀረም። ካሊፎርንያ ከሌላ ግዛት የመጣውን መኪና ቁጥር ሥልጣን ያለው ሰው በዓይኑ አይቶ እንዲያረጋግጥ ታደርጋለች። ከዚህም በላይ ነዋሪዋ ከ7,500 ማይል፣ ማለትም ከ12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች የተጓዘ መኪና ከሌላ ግዛት ቢያመጣ እንደ አዲስ ትቈጥረዋለች፤ በራስዋ የጭስ ደንብ መሠረት የተሠራ ለመሆኑ ምልክት ከሌለው በቀር አትመዘግበውም። በርካሽ አገኘሁ ብሎ የገዛ ሰው ይህን ባለማወቁ የማይመዘገብ መኪና ታቅፎ ሊቀር ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ግብር ነው። ኦሪገን፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሺርና ደላዌር በግዛት ደረጃ የሽያጭ ግብር የላቸውም። ስለዚህ ብዙ ሰው «ከደላዌር ብገዛ ከግብር አመልጣለሁ» ብሎ ያስባል። ነገር ግን ግብሩን የሚጠይቀው መኪናው የሚመዘገብበት ግዛት ነው። የ20,000 ዶላሩን መኪና እንመልከት። ገዢው የቨርጂኒያ ነዋሪ ቢሆን ከመቶ 4.15 ተሰልቶ 830 ዶላር ይከፍላል፤ የቴክሳስ ነዋሪ ቢሆን ከመቶ 6.25 ተሰልቶ 1,250 ዶላር ይሆናል፤ ሜሪላንድ ከ2025 ሐምሌ ወር ጀምሮ ከመቶ 6.5 ስላደረገችው የእኛ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው 1,300 ዶላር ይከፍላል። መኪናው አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ግብሩ ግን እንደ ቤቱ ነው። ብዙ ግዛቶች ለሌላ ግዛት የተከፈለውን ግብር ቈጥረው ልዩነቱን ብቻ ይቀበላሉ፤ ይህ ግን የሚሆነው ደረሰኙ ሲገኝ ስለሆነ ያን ወረቀት መጣል ገንዘብ መጣል ነው። ዋጋውን ሲያወዳድር ግብሩን፣ ምርመራውንና የመንገዱን ወጪ ያልደመረ ገዢ ርካሽ ያለው ነገር ውድ ሆኖ ያገኘዋል።

ግብሩ ከባድ ሲመስል ደግሞ ተንኮል ይወለዳል። አንዳንድ ባለጠጎች የሽያጭ ግብር በሌለባት በሞንታና በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ኩባንያ አቋቁመው ውድ መኪናቸውን በኩባንያው ስም ያስመዘግባሉ፤ በርካታ ግዛቶችም ይህን እንደ ግብር ማምለጫ ቈጥረው ይከታተሉታል። ሌላው ተራ ሰው ደግሞ በሜሪላንድ እየኖረ ቨርጂኒያ ባለ የአጎቱ ልጅ አድራሻ ያስመዘግባል፤ ጥቂት መቶ ዶላር ያተረፈ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ኢንሹራንስ ዋጋውን የሚወስነው መኪናው በሚያድርበት ቦታ ነው። አድራሻው ሐሰት መሆኑ በአደጋ ቀን ከታወቀ ኩባንያው ካሳ ለመክፈል እምቢ ሊል ይችላል፤ ያኔ የዳነው መቶ ዶላር የቤት ሙሉ ዕዳ ይሆናል። በዋሽንግተን ከተማም የሌላ ግዛት ታርጋ ያለው መኪና በየሌሊቱ በአንድ ሰፈር ሲያድር ከታየ ተቈጣጣሪዎች መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎም ቅጣት ይለጥፉበታል።

ከመካከላችሁ በመንግሥት ሥራ ወደ ዋሽንግተን የሚላክ ዲፕሎማት ቢኖር ግን መንገዱ ሌላ ነው። የዲፕሎማቶችን መኪና የሚመዘግበውና ልዩ ታርጋ የሚሰጠው በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ያለው የውጭ ሚሲዮኖች ጽሕፈት ቤት እንጂ ግዛቱ አይደለም።

ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ቤቱን ለሚያዛውር ሰው የተወሰነለት ጊዜም አጭር ነው። ካሊፎርንያ 20 ቀን፣ ቨርጂኒያና ቴክሳስ 30 ቀን፣ ሜሪላንድ 60 ቀን ይሰጣሉ። ዕቃውን ፈትቶ ሳይጨርስ ቀኑ እንዳያልፍበት፣ ሰው ቤት በተከራየበት ሳምንት የመኪናውንም ጉዳይ ቢያስብ ደግ ነው።

አሁን የእኛ የምሳሌ ሰው ወረቀቱን አሟልቶ፣ ግብሩን ከፍሎ በመስኮቱ ፊት ቆሟል። መዝገብ ቤቱ የፔንሲልቫኒያን ማስረጃ ተቀብሎ ያስቀራል፤ በምትኩ የሜሪላንድን ማስረጃ በገዢው ስም ያወጣል፤ በብሔራዊው መዝገብ በኩልም አሮጌው ማስረጃ እንዲሰረዝ ይታወቃል። ለአንድ መኪና በአንድ ጊዜ ሁለት ሕያው ማስረጃ እንዳይኖር ማለት ነው። ሰውዬው የመኪናው ባለቤት የሆነው፣ የሌላውም ሰው ስም ከመኪናው ላይ የተፋቀው በእውነት በዚህች ቀን ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ በመስኮቱ ወዲያኛው ወገን ስለተቀመጠው ሠራተኛም አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙዎቻችን የምንቀመጠው በዚያ ወገን ነውና። ከሌላ ግዛት ወረቀት ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ አብዛኛው የሁለት መሥሪያ ቤቶችን ሕግ በአንድ ጊዜ ለማክበር የሚደክም ሰው ነው። ዛሬ «ይህ ጎድሎሃል» ተብሎ ሲመለስ፣ ነገ ሌላ ጎድሎ ሲመለስ፣ ከሥራው እየቀረ ደመወዙ ይቈረጥበታል፤ የጊዜያዊ ታርጋውም ቀን ያልቃል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ በአጎቱ ልጅ አድራሻ የሚያስመዘግበው እንዲህ ያለው ሰው ነው። የጎደለውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ወረቀት ዘርዝሮ የሚሰጥ ሠራተኛ ሕጉን አላላም፤ እንዲያውም ሕጉ እንዲከበር ከማንም ይበልጥ ረድቷል። ይህ በሜሪላንድ እውነት እንደሆነ ሁሉ በእያንዳንዳችን ጠረጴዛም እውነት ነው።

ንግግሬን ለመደምደም፤ በባሕር ማዶ ላሉት ወገኖቻችሁ ስትጽፉ ወይም ስትደውሉ ይህን ንገሯቸው። ከገንዘቡ በፊት ቁጥሩን፣ ስሙን፣ ዕዳውን፣ የጉዳቱን ምልክትና የተጓዘበትን ርቀት ይመርምሩ። ከመንገዱ በፊት ታርጋውንና ኢንሹራንሱን ያዘጋጁ። ቤታቸው ከደረሱ በኋላ የተወሰነው ቀን ሳያልፍ፣ በእውነተኛው አድራሻቸው፣ በሚኖሩበት ግዛት ያስመዝግቡ። ደንቡና የግብሩ ልክ በየጊዜው የሚለወጥ ስለሆነም ከመነሣታቸው በፊት የግዛታቸውን መዝገብ ቤት ይጠይቁ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል፤ መኪናም የሚወረሰው በጽሑፍ ያለው ነው።